31 አፕ ይዤ ተመለስኩ፤ ከየቱ ልጀምር?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር ለሦስት ቀን ሥልጠና ላኩኝ። ስመለስ 31 ዓይነት አፕና ድረ ገጽ የተዘረዘረበት ወረቀት ይዤ መጣሁ። ብሎግ፣ ፖድካስት፣ ክላውድ፣ ኪውአር ኮድ፣ ኤአይ፣ ምኑ ቅጡ። አለቃዬ ‹በሁለት ወር ውስጥ የሚታይ ነገር አሳዪኝ› ብሎኛል። ያለን ሦስት ኮምፒውተር ነው። ኢንተርኔቱ ይመጣል ይሄዳል፤ መብራቱም እንደዚያው። ካታሎጋችን ግማሹ ካርድ፣ ግማሹ አንድ የቀድሞ ባልደረባ የጀመረው ኤክሴል ነው። ወጣቶቹ የሚመጡት የራሳቸውን ደብተር ይዘው ለመቀመጥ እንጂ መጽሐፍ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ከየትኛው ልጀምር? የትኛውንስ ልተወው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ እንደ አገራችን ልማድ «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል። እዚህ ሐረር «እርስዎ» ሲበዛ ሰው የተኮረፈ ይመስለዋል።

ወረቀቱን አጥፈሽ መሳቢያ ውስጥ ክተቺው። አትቅደጂው፤ አንዳንዱን በኋላ እንፈልገዋለን። ለሁለቱ ወር የሚያስፈልግሽ ሁለት ነገር ነው፤ ያ የተጀመረው ኤክሴልና ቴሌግራም። «ይሄማ ድሮም አለ» እንደምትዪ ይገባኛል። አለቃሽም ይህንኑ ነው የሚለው። ወደ እሱ መጨረሻ ላይ እንመጣለን።

መጀመሪያ ግን እንዲህ ያልኩበትን ምክንያት ልንገርሽ። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ በሻርሎትና ሜክለንበርግ ካውንቲ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ሄሊን ብላወርስ የምትባል ባለሙያ አንድ ጥሩ ነገር ጀመረች። ሠራተኛው በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ 23 ትንንሽ ነገሮችን በኢንተርኔት ላይ ራሱ እንዲሞክር አደረገች። ብሎግ ክፈት፣ ፎቶ ጫን፣ ሊንክ አስቀምጥ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ፊት ቆሞ የሚያስተምር የለም። የጨረሰ ሰው ኤምፒስሪ ማጫወቻ ይሸለማል። ሐሳቡ ብዙ አገር ተቀዳ። ያንቺም ሥልጠና የዚያ የልጅ ልጅ ሳይሆን አይቀርም።

የሴትየዋን ሐሳብ እወደዋለሁ። ሰው ሳይፈራ እንዲነካካ ይፈቅዳል። ግን የዚያን ዘመን ዝርዝር ዛሬ ብታዪው ግማሹ ለቅሶ ቤት ነው። ሊንክ የሚያስቀምጡበት ዴሊሺየስ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ኖሮ በ2017 እ.ኤ.አ. አዲስ ነገር መቀበል አቆመ። የብሎጎችን አዲስ ጽሑፍ በአንድ ቦታ የሚሰበስበው፣ ብዙ የቤተ መጻሕፍት ሰው ጧት ጧት የሚከፍተው ጉግል ሪደር በ2013 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ፍሊከር እስካሁን አለ፤ ግን ባለቤቱ ተቀይሮ በነጻ የሚያስቀምጠውን በ1,000 ፎቶ ወሰነው። በሺዎች የሚቆጠር ፎቶ የጫኑ ሰዎች ወይ መክፈል ወይ ማውረድ ነበረባቸው። ጥፋታቸው ምንድን ነው? የሰው ቤት ውስጥ ዕቃቸውን ማስቀመጣቸው ብቻ ነው።

ስለዚህ አዲስ አፕ ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። በየት በኩል ነው የምወጣው? የጀጎል ግንብ አምስት ነባር በሮች አሉት። በሁሉም ይገባል፣ በሁሉም ይወጣል። ብዙ ነጻ አፕ ግን በሩ አንድ ነው፤ እሱም ወደ ውስጥ ብቻ ይከፈታል።

ይህን የተማርኩት ተቀጥቼ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ 60 መደርደሪያ ላይ ኪውአር ኮድ ለጠፍኩ። ተማሪው በስልኩ ሲያነሳው በዚያ መደርደሪያ ላይ ያሉት መጻሕፍት ዝርዝር ይመጣለታል። ኮዱን የሠራሁት ፈልጌ ባገኘሁት ነጻ ድረ ገጽ ነው። ቆንጆ ነበር፤ ቀለም ሁሉ መረጥኩለት። አስተዳደሩ መጥቶ ፎቶ ተነሳ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ እየሳቀ መጣና «ጋሼ፣ መደርደሪያው ብር ይጠይቃል» አለኝ። አየሁት። እውነቱን ነው። የሙከራ ጊዜው አልቋል፣ ኮዱ ሁሉ «ለመቀጠል ይክፈሉ» የሚል ገጽ ላይ ይወስዳል። 60ውንም በምላጭ ፋቅኋቸው። አንዳንዱ ላይ ሙጫው እስካሁን አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኪውአር ኮድ በነጥብ የተጻፈ አድራሻ ነው። እኔ የለጠፍኩት ውስጥ የተጻፈው የኔ አድራሻ አልነበረም። የድረ ገጹ አድራሻ ነበር፤ ድረ ገጹ ደግሞ ወደ እኔ ያሻግራል። ማሻገሩን ሲያቆም እኔም ቀረሁ። የራስሽ አድራሻ በቀጥታ የተጻፈበት ኮድ ግን አድራሻው እስካለ ድረስ ጊዜው አያልፍም፤ ለዘላለም በነጻ ይሠራል። ከማተምሽ በፊት በስልክሽ አንሺውና ሳትከፍቺው አድራሻውን አንብቢ። የማታውቂው ስም ከመጣ አታትሚው።

አሁን ወደ ሥራሽ። ከኤክሴሉም በፊት አንድ ተራ ደብተር ግዢ። ሉክ ይበቃል። ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጪው። ሰው መጥቶ ጠይቆ «የለም» ያልሽውን ሁሉ ጻፊበት። የጠየቀውን፣ ቀኑን፣ በምን ቋንቋ እንደፈለገው። የሰውየውን ስም አትጻፊ፣ አያስፈልግም። ወጣቶቹ ለመቀመጥ ብቻ ነው የሚመጡት ብለሻል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ደብተር ስይዝ ያየሁት ሌላ ነው። ሰው ሁለት ጊዜ «የለም» ከተባለ ሦስተኛ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከ«የለም» ውስጥ ስንቱ በእርግጥ የለም፣ ስንቱ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ማንም ያላወቀው እንደሆነ የምታውቂው ካታሎጉ ሲስተካከል ነው።

ኤክሴሉን ክፈቺ። አንድ የአማርኛ ርዕስ ኮፒ አድርጊና ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ላኪው። አማርኛ ሆኖ ከደረሰ እሰየው። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍና የማይነበብ ምልክት ሆኖ ከደረሰ ግን ባልደረባሽ የጻፈው በድሮው ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች አማርኛውን የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛው ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ «ሀ» መሆኑን አያውቅም፤ የሚያየው የአበሻ ልብስ የለበሰ ፈረንጅ ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲሄድ ልብሱ ይወልቃል። ልማዱ ደግሞ ከ1999 በኋላም ብዙ ዓመት ቆየ፤ በተለይ መሥሪያ ቤት ውስጥ።

የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። እኔ ግን የመጽሐፉ ብዛት ከሁለት ሺህ ካላለፈ እንደ አዲስ ጻፊው እላለሁ። መጽሐፉን በእጅሽ ይዘሽ ስትጽፊ ቆጠራም አብረሽ ሠራሽ ማለት ነው። ካርዱ ላይ ያለና መደርደሪያው ላይ የሌለ፣ መደርደሪያው ላይ ያለና ካርድ የሌለው፣ ምስጥ የበላው፣ ሁሉም ይወጣል። በቀን 40 ብትጽፊ ሁለት ሺውን 50 የሥራ ቀን ይጨርሰዋል። ለሁለት ወር ትንሽ ይከብዳል፤ ስለዚህ በብዛት ከሚጠየቀው መደርደሪያ ጀምሪ። ያን ደብተርሽ ይነግርሻል።

ቀጥሎ ያለው ነገር ላይ ትንሽ ልዘግይ። አማርኛ ካታሎግ የሚሞትበት ቦታ እሱ ነው። ሞክሼ ፊደሎች። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰና ሠ። አና ዐ። ጸና ፀ። አንዱ «ሐረር» ብሎ ይጽፋል፣ አንዱ «ሀረር»፣ ሌላው «ሃረር»። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ ሃን፣ ሓንና ኃን ሳንቆጥር በስድስት መንገድ መጻፍ ይቻላል። ኮምፒውተሩ ግን ጥብቅ ነው፤ «ጸሀይ» ብለሽ ከጠየቅሽው «ፀሐይ»ን አላውቃትም ይልሻል። መጽሐፉ ከጀርባሽ ተቀምጦ «የለም» ትያለሽ። የከተማሽ ስም ራሱ «ድሬዳዋ»ም ነው፣ «ድሬ ዳዋ»ም ነው።

ብዙ ሰው መፍትሔው «አንድ ዓይነት አጻጻፍ እንከተል» ማለት ይመስለዋል። አይሠራም። መጽሐፉ ሽፋን ላይ የተጻፈውን መቀየር አትችዪም፤ አንባቢውም ያንቺን ደንብ አያውቅም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ርዕሱን ሽፋኑ ላይ እንዳለ እጽፋለሁ። አጠገቡ «ፍለጋ» የሚባል ሌላ ዓምድ እከፍታለሁ። እዚያ ውስጥ ርዕሱም የደራሲው ስምም ተቀድቶ ይገባል፤ ግን ሐና ኀ ሁሉ ሀ ይሆናሉ፣ ሠ ሰ ይሆናል፣ ዐ አ፣ ፀ ጸ፣ በሰባቱም ቤት። አምስት ፊደል በሰባት ቤት 35 ነው። «ሃ» እና «ኣ» ሲጨመሩ 37 ቅየራ። አራተኛው ቤት ላይ ተጠንቀቂ፤ ሓም ኃም ሀ ነው የሚሆኑት፣ ዓም አ። በእጅ ብትሠሪው አንድ ከሰዓት ይፈጃል። በፎርሙላ ካደረግሽው ደግሞ ለሁልጊዜው ተገላገልሽ። ስትፈልጊ አንቺም ቃሉን በቀላሉ ፊደል ጽፈሽ በዚያ ዓምድ ውስጥ ትፈልጊያለሽ። ተጠቃሚው አያየውም፤ መጽሐፉን ግን ያገኛል።

የደራሲ ስም ላይ ፕሮግራሞቹ ሁሉ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቁሻል። እኛ የለንም። ታደሰ በቀለ የሚባል ደራሲ ታደሰ ነው፤ በቀለ አባቱ ነው። ስለዚህ በ«ታ» ይገባል። የውጭ የካታሎግ ደንቦችም የኢትዮጵያን ስም በራሱ በሰውየው ስም እንድታስገቢ ነው የሚሉት። የፈረንጅ ደራሲ ሲመጣ ግን በቤተሰብ ስሙ ይሁን። ለጥናት ምንጮችን የሚሰበስበው ዞቴሮ የሚባለው ፕሮግራም እንኳ ስሙን በአንድ ሳጥን የምትጽፊበት አማራጭ አለው፤ ተማሪዎች ሲጠይቁሽ እሱን አሳዪያቸው።

ዓመቱን በሁለት ዓምድ ያዢ፤ አንዱ ዓ.ም.፣ አንዱ እ.ኤ.አ.። አለዚያ የ1998 መጽሐፍሽ በአንዱ ላይ አዲስ በሌላው ላይ አሮጌ ሆኖ ግራ ያጋባሻል። ቋንቋውንም ጻፊ። ድሬ ናት፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ዐረብኛ፣ ከባቡር ዘመን የቀረ ፈረንሳይኛም አይጠፋም። «በሶማሊኛ የልጆች መጽሐፍ አለ?» ለሚለው ጥያቄ በአሥር ሴኮንድ መልስ መስጠት ብቻውን ሰው ያስመጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መጻሕፍቱን ጉግል ሺት ላይ አውጥተሽ ሊንኩን ብታጋሪ ጥሩ ነው፤ መውጫውም ክፍት ነው፣ በፈለግሽ ጊዜ በኤክሴል ታወርጂዋለሽ። የተዋሾችን ስምና ስልክ ግን በጭራሽ እዚያው ፋይል ውስጥ እንዳታስገቢ፣ በሌላ ገጽ ላይም ቢሆን። አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ማን ምን እንዳነበበ መንደሩ ሁሉ ሲያየው ሰነበተ። አሁን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የተዋሽ መዝገብ በቁልፍ በሚዘጋ መሳቢያ ውስጥ፣ ወይም የይለፍ ቃል ባለው ኮምፒውተር ላይ ይሁን።

«ኮሃስ?» ትዪኝ ይሆናል፤ ከ31ዱ አንዱ እንደሚሆን እወራረዳለሁ። ኮሃ ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ ነጻ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነው። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። በጣም ጥሩ ነው። ግን ስጦታ በግ ነው፤ የሚያበላው ሰው ይፈልጋል። ሰርቨር የሚያስነሳ፣ መጠባበቂያ የሚይዝ ሰው ከሌለሽ ዛሬ አትጀምሪው። ኤክሴልሽ ንጹሕ ከሆነ ማርክኤዲት በሚባል ነጻ ፕሮግራም ተለውጦ ነገ ኮሃ ውስጥ ይገባል። የተበላሸ ኤክሴል ግን ኮሃ ውስጥ ገብቶም የተበላሸ ካታሎግ ነው።

ቴሌግራም ላይ ብዙ ልነግርሽ አያስፈልግም፤ ካንቺ በላይ ተጠቃሚዎችሽ ያውቁታል። ቻናል ክፈቺ፤ ግሩፕ አይደለም። ግሩፕ ከከፈትሽ እኩለ ሌሊት ላይ ስለ ኳስ ሲከራከሩ ታገኛለሽ። ከሁሉ በላይ በማን ስልክ ቁጥር እንደተከፈተ እዪ። በግል ሲምሽ አትክፈቺው። አንድ የማውቀው ቤተ መጻሕፍት ቻናሉን የከፈተው ልጅ ሥራ ለቆ ሄደ፤ ሦስት ሺህ ተከታይ ይዞ ማለት ነው። ዛሬ የጫማ ማስታወቂያ ነው የሚለጠፍበት። በመሥሪያ ቤቱ ስም የወጣ ሲም ይሁን፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይኑረው፣ ሌላ አንድ አድሚን ጨምሪ። መውጫውን ከጠየቅሽኝ፣ የኮምፒውተሩ ቴሌግራም የቻናሉን ታሪክ በሙሉ ወደ ፋይል ያወጣልሻል። በሦስት ወር አንድ ጊዜ አድርጊው።

ምን ትለጥፊ? በቀን አንድ መጽሐፍ። የሽፋኑ ፎቶ፣ የመደርደሪያው ቁጥር፣ ያንቺ ሁለት ዓረፍተ ነገር። «ይህን መጽሐፍ አልወደድኩትም፤ ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ያስቃል» ብትዪ እንኳ ይሻላል። ከሁሉ የሚነበበው እሱ ነው። ፒዲኤፍ ግን አትልቀቂ። ቴሌግራም ላይ የተሰረቀ መጽሐፍ ሞልቷል፣ ልጆቹም ይጠይቁሻል፤ ቤተ መጻሕፍት ግን በራሱ ማኅተም አይሰርቅም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት የተጠበቀ ነው።

ስለ ኢንተርኔቱ መቆራረጥ። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ሙከራውን ሲጀምር መጀመሪያ የመጣው ድሬ ነው፤ ድሬ ድሮም በባቡር ቀድማን ነበር፣ እኛ ሐረሮች ቀንተናል። ያም ሆኖ ዳታ ገንዘብ ነው፤ ተማሪ ደግሞ ገንዘብ የለውም። እዚህ ላይ ከወረቀትሽ አንድ ነገር አውጪ። ኪዊክስ ይባላል። ዊኪፒዲያን እንዳለ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነፎቶው ወደ 100 ጊጋባይት ነው፤ አንድ ጊዜ ጥሩ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ አስወርጂው። የአማርኛው ትንሽ ነው፣ 15 ሺህ አካባቢ ጽሑፍ፤ ብዙዎቹም አጫጭር ናቸው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ጭነሽ ከተራ የዋይፋይ ራውተር ጋር ብታገናኚው ልጆቹ በራሳቸው ስልክ በነጻ ያነባሉ። ሜሞሪ ካርድ ከገበያ ስትገዢ ግን እስኪሞላ ድረስ ጽፈሽበት መልሰሽ አንብቢው። 128 ብሎ የተጻፈበት 16 ሆኖ አግኝቼው አውቃለሁ።

የቀሩት ሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ጌም ከልክዪ አልልሽም፤ ግን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ ፊዚክስ ቢያውቅም እጁ ይንቀጠቀጣል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ ለእያንዳንዱ 30 ደቂቃ የመለማመጃ ተራ ስጪ። ይህ የትኛውም ሥልጠና ወረቀት ላይ የለም።

ፎቶና ድምፅ ላይ ደግሞ አንድ ወሬ ላውራሽ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እዚህ ሐረር ነጋዴ ሆኖ ሲኖር ካሜራ አስመጥቶ ነበር። በግንቦት 1883 እ.ኤ.አ. የራሱን ፎቶዎች ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ማጠቢያው ውሃ መጥፎ ስለሆነ ፎቶዎቹ ነጥተዋል ብሎ ጻፈላቸው። ዛሬ የምናያቸው እነዚያን የደበዘዙ ምስሎች ነው። የኛ ዘመን መጥፎ ውሃ ምን መሰለሽ? ቴሌግራም ላይ ፎቶን እንደ ፎቶ መላክ። ጨምቆ ያሳንሰዋል። መልሰሽ ልታትሚው ስትዪ ፊቱ ጭጋግ ይሆናል። «ፋይል» ብለሽ ላኪው፤ እንዳለ ይደርሳል። ዋናውን ደግሞ ሦስት ቅጂ አድርጊ፤ በሁለት የተለያየ ዕቃ ላይ፣ አንዱን ከቤተ መጻሕፍቱ ውጭ። የደቻቱ ወንዝ እንደ 1998ቱ ሐምሌ ከሞላ መደርደሪያ አይመርጥም።

ይህን የምልሽ ድሬ ውስጥ ሊቀዳ የሚገባው ብዙ ስላለ ነው። ባቡሩ ድሬ የገባው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በሱ ነው። በወርክሾፑ የሠሩ አባቶች አሁንም አሉ፤ ዕቃውን ሁሉ በፈረንሳይኛ ስሙ ነው የሚጠሩት። ፖድካስት ማለት ስቱዲዮ አይደለም። ስልክ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ አባት፣ አንድ ሻይ። ከመጀመርሽ በፊት ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ያዢ፤ ለምን እንደሚውልም ንገሪያቸው። ፋይሉን ስታስቀምጪ ስሙን በቀን ጀምሪ፣ በአንድ የዘመን አቆጣጠር ብቻ። የፋይል ስም ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጠቀሚ፤ አንዳንድ የቆየ ፕሮግራም የኛን ፊደል ያበላሸዋል። ሐረር ከመጣሽ በጀጎል ውስጥ የአብዱላሂ አሊ ሸሪፍን ሙዚየም እዪ። ሰውየው ከየቤቱ የእጅ ጽሑፍ ሰብስቦ፣ አጠራረዙን ራሱ ተምሮ ነው ያቆመው። ሰው ለሚጠብቅለት ሰው ዕቃውን አውጥቶ ይሰጣል። ያንቺም ቤት እንዲህ መታወቅ ይችላል፤ ግን ይህ የሁለት ወር ሥራ አይደለም፣ አትቸኩዪ።

ኤአይ ላይ አጭር ነኝ። መጽሐፍ አስፈልጌው አላውቅም ብል ዋሸሁ። አንድ ጊዜ ስለ ሐረር የተጻፉ መጻሕፍት ጠየቅሁት፤ አምስት ርዕስ ከነደራሲው ሰጠኝ። ሁለቱን እስከ ዛሬ እየፈለግኋቸው ነው። ያልተጻፉ ናቸው። ስለዚህ «ምን መጽሐፍ አለ?» አትበዪው። ያንን 37 ቅየራ የሚሠራ የኤክሴል ፎርሙላ እንዲጽፍልሽ ግን ጠይቂው፤ ጎበዝ ነው። ማስታወቂያሽንም በኦሮምኛና በሶማሊኛ ያስጀምርልሻል። ቋንቋው አፉን የፈታበት ሰው ሳያየው ግን ግድግዳ ላይ አትለጥፊ፤ አንዴ ሳቅ ከሆንሽ ድሬ አትረሳልሽም።

ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች ኤንቪዲኤ የሚባለውን ነጻ ስክሪን አንባቢ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ጫኚ። አማርኛ የሚያነብበት ድምፅ ሮቦት ይመስላል፤ የለመዱት ሰዎች ግን እኔ ከማነበው ፍጥነት በእጥፍ ይሰሙታል። መጀመሪያ እነሱን ጠርተሽ ጠይቂ።

አሁን አለቃሽ። «የሚታይ ነገር» ብሎሻል፤ አለቃ ስክሪን ይወዳል። አትናደጂበት። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ደብተርሽን ይዘሽ ግቢ። በመጀመሪያው ሳምንት ስንት ጊዜ «የለም» እንዳልሽ፣ በመጨረሻው ሳምንት ስንት ጊዜ እንዳልሽ አሳዪው። ከዚያ እሱ ራሱ በልጅነቱ ያነበበውን መጽሐፍ ርዕስ ጠይቂው። ሆነ ብለሽ በተሳሳተው ሞክሼ ፊደል ጻፊውና ፈልጊለት። ሲወጣ ሄደሽ ከመደርደሪያው አምጥተሽ እጁ ላይ አስቀምጪለት። ከሌለም ደብተሩ ላይ በፊቱ ጻፊው፤ የሚቀጥለው ዓመት የግዢ በጀት ጥያቄሽ እዚያው ተጀመረ።

ፎርሙላው እንቢ ካለሽ ጻፊልኝ፤ የመጀመሪያዎቹን 20 መስመር አብረሽ ላኪልኝ፣ የተዋሽ ስም የሌለበትን። ቅዳሜ ከሰዓት ግን አትላኪ፤ ሰው ነኝ።